ሟቹ አቶ ገብረጻድቅ በሩዋይዳ ኮምፒውተር

ሩዋይዳ ሸምሱ የሰው ጽሑፍ ጥላ አታውቅም። ሀዋሳ መናኸሪያ አጠገብ አባቷ ኮንጎ ጫማ ይሸጡባት በነበረች አንድ በር ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ የሠርግ ካርድ፣ የጉባኤ ባነር፣ የመውሊድ ማስታወቂያ ትሠራለች። አባቷ ሲያረጁ ጫማውን አውጥታ የጽሕፈት መኪና አስገባች፤ መኪናው ሲያረጅ ደግሞ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንኳን የሰው ጉዳይ፣ ባዶ ገጽም ቢሆን ከኮምፒውተሯ አጥፍታ አታውቅም።

ምክንያት አላት። ሰው አንዴ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሎ ከወጣ በሳምንቱ ተመልሶ እንደሚመጣ በሃያ ዓመት ሥራዋ አይታለች። ክሱን ትቻለሁ ያለው ይመጣል፤ ሠርጉ ፈረሰ ያለችውም ትመጣለች፤ ያውም ያንኑ ካርድ የሙሽራው ስም ብቻ ተቀይሮ እንዲታተምላት። ስለዚህ ሁሉንም ታስቀምጣለች። ስም የምታወጣላቸው ደግሞ እሷ ራሷ ናት፦ «ቀዩ ሾፌር»፣ «ከባሏ የታረቀችው»፣ «ሁለት ጊዜ የተባረረው»። ሌላ ሰው ቢፈልግ አያገኝም፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናም አትስትም። የግማሹን ሰፈር ጉዳይ ታውቃለች፤ አንዱንም ለማንም አትናገርም።

የሟቾቹ ፎልደር «ነፍስ ይማር» ይባላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እዚያው አብረው ናቸው። «በሕይወት ሳሉ እዚህ ከተማ አብረው ኖረው የለ?» ትላለች።

አቶ ገብረጻድቅ እዚያ ፎልደር ውስጥ የገቡት በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

አቶ ገብረጻድቅ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። በዚያ ሰሞን ጉልበታቸውን አሟቸው ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሄደው ነበር። በሦስተኛው ቀን ስልካቸው ከኪሳቸው ሾልካ ውሃው ውስጥ ገባች። እሳቸውም «ተገላገልኩ» ብለው ዝም አሉ። በዚያው ሳምንት ሻሸመኔ ላይ ገብረጻድቅ የሚባል ሌላ ሰው ሞተ። አንድ የሀዋሳ ሰው ስሙን በወሬ ሰማ፤ ለሌላው ነገረ፤ ያ ሌላው ደግሞ ወደ አቶ ገብረጻድቅ ስልክ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እድሩ ድንኳን ተከለ። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው እያለቀሰች መንገድ ጀመረች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተስፋዬ የሟቹን ፎቶ ይዘው ሩዋይዳ ዘንድ መጡና አርባ ማስታወቂያና አንድ የሕይወት ታሪክ አሠርተው ሄዱ። እሑድ ጠዋት አስከሬን ሊያመጡ ሻሸመኔ የሄዱት ሰዎች የሌላ ሰው ፊት አይተው ደንግጠው ሲመለሱ፣ አቶ ገብረጻድቅ በበኩላቸው መናኸሪያ ከመኪና ወርደው ምሰሶ ላይ የራሳቸውን ፎቶ እያዩ ነበር።

መጀመሪያ የጠሩት ባጃጅ አይቷቸው ቆመ፤ ደግሞ አያቸውና ባዶውን ከነፈ። በእግራቸው ሄዱ። ልጃቸው እየጮኸች ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ያገኘቻቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ሲበሉ ነው። «ምን ላድርግ፣ ቁርስ አልበላሁም» አሏት።

ከአሥር ቀን በኋላ ነው እንግዲህ ሩዋይዳ ሱቅ ብቅ ያሉት። በእጃቸው ጠርዙ የተቀደደ ማስታወቂያ ይዘዋል።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ይህን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ሩዋይዳ ወረቀቱን አየች። ቀና ብላ ሰውየውን አየች። ደግማ ወረቀቱን አየች።

«ቢስሚላህ!» አለች።

«አይዞሽ፤ አልሞትኩም።»

ለሞተ ሰው ቤተሰብ የሚባለውን ታውቃለች፤ ለታመመም፣ ለወለደም፣ ከእስር ለተፈታም የሚባለውን ታውቃለች። ሞቶ ለተመለሰ ግን ምን ይባላል? «እንኳን ለዚህ አበቃዎት ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

«አሜን። ስሚ፣ ወረቀቱን ከየግንቡ ከየምሰሶው ልጬ ጨርሻለሁ። አንቺ ዘንድ ያለችው ግን እናቱ ናት። እናቱ እስካለች ይወለዳል። እዚሁ እያየሁ አጥፊልኝ።»

ሩዋይዳ እጇ አመነታ። ማጥፋት የሚባለውን ነገር ለምዳው አታውቅም። ሰውየው ግን በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ በገዛ ፊቱ ጉዳይ ደግሞ ከእሱ በላይ ማን ያዛል? «ነፍስ ይማር» ውስጥ ያለውን የስማቸውን ፎልደር ከፈተችው። ከላይ ሦስት የማስታወቂያ ፋይል ተደርድሯል፦ «ገብረጻድቅ የመጨረሻ»፣ «ገብረጻድቅ የመጨረሻ የታረመ»፣ «ገብረጻድቅ የመጨረሻው መጨረሻ»።

አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ስንት ጊዜ ነው የገደላችሁኝ?»

«ዕድሜዎ እየተሳሳተ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ስልሳ ስምንት ነው አሉ፤ ቀጥሎ ሰባ አንድ ነው አሉ…»

«ሰባ ሦስት ነኝ።»

«እሱንማ ማንም አላለም።»

ፎልደሩን መርጣ ዲሊት የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጠጋ ብላ አነበበችው።

«ምን አለ?»

«በሌላ ፕሮግራም ስለተከፈተ ማጥፋት አይቻልም ይላል።»

«ማነው የከፈተኝ?»

«እርስዎን ሳይሆን ፋይሉን ነው።»

«ፋይሉ ውስጥ ያለው ማን ነው ታዲያ?»

የተከፈተውን ሁሉ ዘጋች፤ እንቢ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። እሱም አጋጣሚውን ሲጠብቅ እንደኖረ ሁሉ ራሴን ላድስ ነው፣ እንዳትነኩኝ ብሎ ቁጥር መቁጠር ጀመረ። አቶ ገብረጻድቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁጥር ሲቆጠር ማየት የሙያቸው ነው። ሠላሳ አምስት አለ፤ ሠላሳ ስድስት አለ፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ቆጣሪ ተበላሽቷል» አሉ።

ወዲያው መብራት ሄደ። እሳቸውም ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ገና ሱቋን ከመክፈቷ መጡ። ኮምፒውተሩ ታድሶ ተነስቷል። ዲሊት አለች። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ነው።

«የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል» አለች ሩዋይዳ።

«የአስተዳዳሪ?»

«አዎ፣ ግን እሱ…» ልትል ስትል አንዲት ሴት መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ገባች። ሁለት ቅጂ አንስታላት ስትዞር አቶ ገብረጻድቅ የሉም። ተናደው የሄዱ መሰላት።

ከሦስት ቀን በኋላ ከቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ሩዋይዳ ስንት ሺህ ደብዳቤ ጽፋ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ጉዳዩ፦ ፋይል እንዲጠፋ ስለመፍቀድ፤ አቶ ገብረጻድቅ በአካል ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን ስላረጋገጡ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚገኘው የሞታቸው ፋይል ቢጠፋ አስተዳደሩ ተቃውሞ የሌለው መሆኑን እንገልጻለን፤ ግልባጭ፣ ለባለጉዳዩ።

«እንዴት አድርገው አስጻፉት ጋሼ?»

«ሦስት ቀን ተመላልሼ ነዋ። መጀመሪያ ለሞተ ሰው ደብዳቤ አንሰጥም አሉኝ፤ ቀጥሎ ላልሞተ ሰው ምን ያደርግለታል አሉኝ። በይ አሁን አሳዪው።»

የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ሌላ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሌላ መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ጫማቸውን አየች፤ የሦስት ቀን አቧራ ነው። አፏን ዘጋች። ደብዳቤውን ስካነሩ ውስጥ አስገባችው። አቶ ገብረጻድቅ መብራቱ ከወረቀቱ ሥር ከዳር እስከ ዳር ሲያልፍ በጥሞና ተመለከቱ።

«አነበበው?»

«አነበበው ጋሼ።»

አንዴ ስካን ከተደረገ የት ይቀመጥ? እጇ እንደ ልማዱ እዚያው የስማቸው ፎልደር ውስጥ አስቀመጠው። ሊጠፋ የተፈረደበት ፎልደር ይባስ ብሎ በአንድ ገጽ ወፈረ።

ቀጥል የሚለውን ስትጫነው ኮምፒውተሩ ሦስተኛ ነገር አመጣ። የሌላ ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ የሰውየውን ስምም ጠርቷል። እንግሊዝኛውን ሩዋይዳ ሳትተረጉመው አቶ ገብረጻድቅ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ።

«ተስፋዬ! ተስፋዬ ነው የሚለው!»

እውነትም ተስፋዬ ይላል። ይህን ፎልደር ለመንካት ከተስፋዬ ፈቃድ ማግኘት አለብዎት።

አቶ ገብረጻድቅ ፊታቸው ተለዋወጠ። «የኛው ሊቀመንበር። ድሮም ጠርጥሬ ነበር። እስቲ ውስጡ ምን ምን እንዳለ አሳዪኝ።»

ያን ጊዜ ነው የሕይወት ታሪካቸው የተገኘው። አቶ ተስፋዬ በእጃቸው ጽፈው ሩዋይዳ በኮምፒውተር የጻፈችው፣ ቀብር ላይ ሊነበብ የነበረ አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ነው። አተመችላቸው። ቆመው ጮክ ብለው ያነቡት ጀመር። ለሥራው ታማኝ የሚለው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጎረቤት ደግ የሚለው ላይ ትንሽ አፈሩ። ቀጥሎ ያለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከግቢ ግቢ ሲዘዋወር ባሕርዩን እንስሳት እንኳ የሚወዱለት፣ አንድም ቀን ውሻ ነክሶት የማያውቅ…»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መቱት። የግራ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። ባታቸው ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጠባሳ ነው ጋሼ።»

«ይሄ የተስፋዬ ውሻ ነው። ቦቢ ይባላል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ውሻዬ ሰው አይነክስም እንዳለ አለ። አሁን ደግሞ ሞቼ መመለስ የማልችል ሲመስለው መቃብሬ ላይ ሊያስነብበው! ደግሞም እንዳይጠፋ በስሙ ቆልፎበታል።»

ሩዋይዳ በሀዋሳ ብቻ ስንት ተስፋዬ እንዳለ ልታስረዳ ሞከረች። አልሰሟትም። ከእሷ ስልክ ደውለው ሊቀመንበሩን ጠሩ።

አቶ ተስፋዬ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ከሟቹ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ ከድንኳኑ ቀን ወዲህ መጀመሪያቸው ነው።

«በዚህች ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አሏቸው አቶ ገብረጻድቅ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

«እኔ? እኔ ኮምፒውተር ነክቼም አላውቅም።»

«ስምህ አለ። ያውልህ።»

አቶ ተስፋዬ ተጠግተው አዩ። መጀመሪያ ደነገጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ኮታቸውን አስተካከሉ፤ አንድ ኮምፒውተር ያለ እሳቸው ፈቃድ አልንቀሳቀስም ማለቱ ቅር ያሰኛቸው አይመስሉም። ሩዋይዳ አሁንም ሌላ ተስፋዬ ሊሆን እንደሚችል ተናገረች። ሁለቱም በአንድ አፍ ተቆጧት።

«እሺ» አሉ አቶ ተስፋዬ፤ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገር ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ «ፈቅጃለሁ!»

ሩዋይዳ ምን ታድርግ፣ ተጫነችው። ያው ነው።

«ከልቡ አይደለም የፈቀደው» አሉ አቶ ገብረጻድቅ። «የውሻውን ጥፋት ይመን።»

«ቦቢ እኮ ሞቷል ገብረጻድቅ።»

«እኔም ሞቼ ነበር።»

አቶ ተስፋዬ ቁጭ አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የዚያን ቀን ሰንሰለቱን የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ቆጣሪ የሚነበብበት ቀን መሆኑን ረስቼ። ስትጮህ ሰማሁ። ደም ሳይ ደነገጥኩና ውሻዬ አይነክስም አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ በየት በኩል ልመለስ? ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። በኋላማ እኔም አመንኩት። ያንን የጻፍኩት ልዋሽብህ ብዬ አይደለም፤ ጥሩ ነገር ስፈልግልህ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው።»

«ድገመው።»

«የቱን?»

«ነክሶሃል በል።»

«ነክሶሃል።»

አቶ ገብረጻድቅ በዓይናቸው ሩዋይዳን አዘዟት። ተጫነችው። ኮምፒውተሩ የተስፋዬ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ።

«እሱ ይቅር አላለህም» አሉ አቶ ገብረጻድቅ ወንበራቸውን ወደ አቶ ተስፋዬ እየሳቡ። «እኔ ግን ብያለሁ።»

ሩዋይዳ በዚህ መካከል ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለሕዝቅያስ ደወለች። ሕዝቅያስ ወሬ የማያበዛ፣ ሰው ሲያዋራው ለኪቦርዱ የሚመልስ ሰው ነው። ገብቶ ተቀመጠ፣ አንድ ሁለት ነገር ከፈተ፣ «ይህን ኮምፒውተር ከማን ገዛሽው?» አላት።

«ከአንድ አገር ከለቀቀ ነጋዴ።»

«ስሙ ተስፋዬ ነበር። ኮምፒውተሩን በስሙ አድርጎት ነው የሄደው። አንቺ ደግሞ ነፍስ ይማር የሚለውን ፎልደር በእሱ ስም በተያዘ ቦታ ውስጥ ነው የከፈትሽው። እስካሁን እንዴት ሳታውቂ ኖርሽ?»

እንዴት ታውቅ? አንድም ቀን አጥፍታ አታውቅ።

«እና ሌላ ተስፋዬ ነው?» አሉ አቶ ተስፋዬ።

«ሌላ ነው። አሁን የት እንዳለ እንጃለት።»

አቶ ተስፋዬ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ትንሽ ያጠሩ መሰሉ።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሕዝቅያስ ከእንግዲህ የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ እሷ መሆኗን ነግሯት ሄደ። ሩዋይዳ እጇን ወደ ማውሱ ስትዘረጋ አቶ ገብረጻድቅ «የራሴን ለራሴ ተዪልኝ» ብለው ማውሱን የአንድ ቀን ጫጩት እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው አቀፉት። የት እንደሚጫኑ አሳየቻቸው። ሦስቱን ማስታወቂያ ተራ በተራ መረጡ።

«እርግጠኛ ነዎት ወይ ይላል» አለች።

«በዚህስ እርግጠኛ ነኝ።»

ሦስቱም ጠፉ።

«የት ሄዱ?»

«ቅርጫት ውስጥ ናቸው፤ እሱም ይደፋል…»

«ቆሻሻ ውስጥ ነኝ? ድፊልኝ እንጂ ቶሎ!»

ደፋችላቸው። የቀረው የቀበሌው ደብዳቤና የሕይወት ታሪኩ ነው። ደብዳቤውን ማኅተም አለበት፣ ሰነድ ነው ብለው ተዉት። የሕይወት ታሪኩ ላይ ሲደርሱ ከማውሱ ላይ እጃቸውን አነሱ። ድፍን ሰባ ሦስት ዓመት ስለ እሳቸው አንድ ገጽ ተኩል የጻፈ ሰው አልነበረም።

«እሱን ተዪው። አንድ መስመር ብቻ አርሚልኝ።»

አንዱ መስመር ግን አንድ ሰዓት ፈጀ። አቶ ተስፋዬ «አንድ ጊዜ በውሻ ተነክሶ» ተብሎ ይታለፍ አሉ። አቶ ገብረጻድቅ የውሻው ባለቤት ይጠቀስ አሉ። ይጠቀስ ከተባለማ ይቅርታ መጠየቁም ይጠቀስ ተባለ። ሩዋይዳ ስትጽፍ ስታጠፋ፣ ስትጽፍ ስታጠፋ፣ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «በጎረቤቱ በአቶ ተስፋዬ ውሻ በቦቢ አንድ ጊዜ ብቻ የተነከሰ፣ ይቅርም ያለ»። አቶ ተስፋዬ «‘ብቻ’ የምትለው ጥሩ ናት» አሉ። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሩዋይዳ አስተዳዳሪነቷን ልትሞክረው አሰበች። ከአሁን በኋላ ያሻትን ማጥፋት ትችላለች። «ቀዩ ሾፌር» ላይ ሄደች፤ ቢመጣስ? «ሁለት ጊዜ የተባረረው» ላይ ሄደች፤ ሦስተኛ ቢባረርስ? ግማሽ ሰዓት ፈልጋ ፈልጋ ስምም ጽሑፍም የሌለበት አንድ ባዶ ገጽ አጠፋች። እስክትዘጋ ድረስ ምን ይሆን የነበረው እያለች ሲቆጫት ዋለ።

ነገሩ በዚህ አበቃ ስትል እድሩ ስብሰባ ተቀመጠ። አቶ ገብረጻድቅ ተነስተው ሰው ስለ እሱ የሚባለውን ሳያርም መሞት እንደሌለበት፣ ይህንንም ሞተው እንዳዩት ተናገሩ። ከአባላቱ መካከል ይህን ያህል ልምድ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበረ ተቃዋሚ አልተገኘም። ማንኛውም አባል የሕይወት ታሪኩን በቁሙ አጽፎ፣ አንብቦና ፈርሞ እንዲያስቀምጥ ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሩዋይዳ ሱቅ በር ላይ ሽማግሌና አሮጊት ይሰለፋል። አንዱ ሁለተኛ ሚስቱን ያስወጣል፤ ሌላው በሳምንቱ መጥቶ ያስገባታል። አቶ ተስፋዬ «አርቆ አሳቢ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ቢገባ ምን ይጎዳል እያሉ እስካሁን ፋይላቸውን አልፈረሙም። አቶ ገብረጻድቅ ደግሞ ተራ ያስከብራሉ።

ባለፈው ሐሙስ የመጡት እማማ አባይነሽ ናቸው። ልጅነታቸውን፣ ያሳደጓቸውን ልጆች፣ የቸረቸሩትን ቅቤ ሁሉ በዝርዝር አስጻፉ። ሩዋይዳ አንብባላቸው ስትጨርስ «የተወለዱበትን ዓመት ስንት ልበል?» አለቻቸው።

«ዝለዪው።»

«የሕይወት ታሪክ ነው እኮ እማማ። ሲነበብ ሰው ይጠይቃል።»

«ይጠይቃ» አሉ እማማ አባይነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ያን ጊዜ እኔን ያገኙኝ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።»